አንድ ሸክም ሣር

ሣር አምባ ጓሳ አይደለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የእግር ተጓዦች በገደሏ አፋፍ ቆመው ፎቶ ይነሡና «ጓሳ ዋልን» ብለው ይለጥፋሉ፤ ስሕተት ነው። ጓሳ ሰፊ አገር ነው፤ ብዙ ባለቤት፣ ብዙ ጠባቂ አለው። ሣር አምባ ግን ከቀየት ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ የተቀመጠች፣ የአንድ ደብር ሰዎች ብቻ የሚያዙባት፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጩኸት የሚጠራሩባት ሜዳ ናት። ከጓሳ ጋር የምትጋራው የቤት ክዳን የሚሆነውን ያንኑ ረጅም ሣርና የሣሩን ሕግ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ሣሩ ሦስት ዓመት ይዘጋል፤ በአራተኛው፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ይከፈታል። በተዘጋበት ዘመን በግ አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ዳኛው አባ ቄራ ይባላል፤ ከሱ ሥር ጠባቂዎች አሉ። ጠባቂ ሲሾም ወንጌል ይዞ ይምላል፦ «አባቴ ቢሆን አልሸሽግም፤ ወንድሜ ቢሆን አልሸሽግም፤ ብሸሽግ ዘሬ አይባረክ።»

ተገኘ ይህን የማለው በመስከረም 1985 ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሲምል ጋቢውንና ዱላውን ይዞለት ከኋላው የቆመው ታላቅ ወንድሙ መሳፍንት ነው። አባታቸው ሲሞት ተገኘ የአሥራ አንድ፣ መሳፍንት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ። መሳፍንት እርፉን ጨብጦ ታናሹን አሳደገ፤ እሱን ድሮ ጎጆ ካስወጣው በኋላ ነው ራሱ ያገባው። ዘግይቶ ስላገባም አንዲት ልጅ ብቻ ወለደ። ጽናት አላት።

በሐምሌ 1992፣ ከአቦ በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት፣ በረዶ ወርዶ የመሳፍንትን ጣራ በአንድ ወገን ከፈተው። ጽናት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሳንባ ምች ይዟት መደቡ ላይ ተኝታለች። ውኃው የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ከጎረቤት ገለባ መለመን ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት በልጉ ስላልሠመረ የማንም ገለባ ለከብቱ አልበቃም፤ መሳፍንት ደግሞ ከሌለው ሰው ላይ «አምጣ» ማለት የሚሆንለት አልነበረም። መስረቅ ከመለመን ቀለለው። ማጭዱን ይዞ ወደ ሣር አምባ ወጣ።

የተዘጋ ሜዳ ሲታጨድ እንደ ተላጨ ራስ ከሩቅ ይታያል። ተገኘ በማግስቱ ጠዋት አየው፤ የተንጠባጠበውን ሣር እየተከተለ ወረደ፤ መንገዱ ያደገበት ደጅ አደረሰው። መሳፍንት ጣራው ላይ ተንጠልጥሎ ክዳኑን በልጥ እያሰረ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?»

መሳፍንት ቁልቁል አየው። «አንተ ከመጣህበት።»

«ጋሼ፣ ገለባ ነው በለኝ።»

«ዓይንህ እያየ?»

«ግድ የለም፣ በለኝ።»

«አልልህም» አለ መሳፍንት፣ ልጡን በጥርሱ እየሳበ። «ስትምል ቆሜ ሰምቻለሁ። መሐላህን እኔ አላበላሽብህም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደብሩ አጥር ውጭ ባለው ጥድ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የያኔው አባ ቄራ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ፣ በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ስቀዋል የሚባልላቸው ሰው ነበሩ። «ስንት ሸክም?» ብለው ጠየቁ። ተገኘ «አንድ» አለ። መሳፍንትም «አንድ» አለ። ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ሣሩ ከጣራው ይገፈፍ፤ በደብሩ ደጅ ይቃጠል፤ የመሳፍንት ስም ከሣሩ ባለመብቶች ይውጣ፤ ደቦ የሚወጣለት፣ በሬ የሚያቀናጀው አይኑር ተባለ። ክዳኑን የሚገፍፈው ደግሞ ያገኘው ጠባቂ ራሱ ነው። እንዲህ ነው ሕጉ።

ተገኘ ወጥቶ ገፈፈ። ዝናብ ነበር። መደቡ ላይ የተኛችው ልጅ በተከፈተው ጣራ ሰማዩንና የአጎቷን ፊት አየች። እሱም አያት። እናቷ መስታወት አንድ ቁርበት አምጥታ ልጅቱ ላይ ዘረጋች።

ልጅቱ ዳነች። መሳፍንት ግን ደቦ የማይወጣለት ገበሬ ሆኖ አንድ ክረምት ሊወጣ አልቻለም። በነሐሴ መጨረሻ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ፤ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ዘበኛ ሆነ፤ በ2006 ሞተ። ተገኘ መርዶውን የሰማው በሠልስቱ ነው። ሄዶ በሩ ላይ ሲቆም መስታወት በርጩማ አቀረበችለት። በዋለበት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ እህል ግን ሰጠችው። ከዚያ በኋላ መቼም በርጩማ ላይ አልቀመጥም ያለው ለምን እንደ ሆነ የገዛ ሚስቱ አያልነሽ እንኳ አልጠየቀችውም።

በ2009 ሁለት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጥተው ድንጋዮችን ቢጫ ቀለም እየቀቡ ከመኪናው መንገድ እስከ ገደሉ አፋፍ የእግር መንገድ አበጁ። በደብሩ ሥር ያልፋል፤ በአስታው ቁጥቋጦ መካከል ይወጣል፤ ሣር አምባን ይሰነጥቅና ጅብራ ከበቀለበት ጉብታ አልፎ፣ ቆላው ሁሉ እስከ አፋር ድረስ እግር ሥር የተነጠፈ ከሚመስልበት ጫፍ ያደርሳል። ለመንገዱ የከፋው ሰው አልነበረም። በቅሎ ያለው በቅሎውን አከራየ፤ ዶሮ ያላት እንቁላሏን ሸጠች። ተገኘም አልከፋውም። ከተሜዎቹ ጭላዳ ሲያዩ እንደ ሕፃን ሲሯሯጡ መሳቅ ይወድ ነበር፤ የቀይ ቀበሮውን ጉድጓድ ያሳያቸውም እሱ ነው። እግር ሣር አይቆርጥም፤ ያልፋል። በ2010 ወልደ ሥላሴ ዐረፉና ኪዳነ ወልድ አባ ቄራ ሆነ። ኪዳነ ወልድ ቀልድ ያውቃል፣ ሁለት ስልክ ይይዛል፣ ከአስጎብኚዎቹ ጋር በስም ይጠራራል።

በጥር 2011፣ የመጨረሻው የመዝጊያ ዓመት ሊያልቅ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ሃያ ሁለት ተጓዦች መጥተው ሣር አምባ ላይ ድንኳን ተከሉ። ተገኘ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከወዲያኛው ጫፍ ሲመለስ ጉብታው ሥር የተላጨ ቦታ አየ። ሄደ። ሣሩ በቢላዋ የተቆረጠ ነው፤ ማጭድ እንዲህ አይቆራርጥም።

«አባቴ፣ ይምጡ፣ ሻይ ይጠጡ» አለው አንድ ወፍራም ወጣት፣ በጓንት እጁ ኩባያ ይዞ።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እሱን? እኛ ነን፤ ለድንኳኑ ሥር። መሬቱ ብርዱ አይጣል ነው እኮ።»

«ዝግ ነው።»

«ምኑ?»

«ሣሩ።»

ወጣቱ ዞር ዞር ብሎ ሜዳውን ቃኘ። «በር አላየንም» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ለክፋት አልነበረም። አንዷ «ሣር እኮ ነው አባቴ፣ ይበቅላል» አለችው፣ እንደ ማጽናናት።

ከድንኳኖቹ መካከል ቀይ ጃኬት የለበሰች መንገድ መሪያቸው መጣች። እንደ ሌሎቹ አልሳቀችም። የተቆረጠውን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

«ስንተኛ ዓመቱ ነው?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከተሜ አይጠይቅም። «ሦስተኛ» አላት።

«ክፍት ነው ተብዬ ነው ያመጣኋቸው። አባ ቄራውን በስልክ ጠየቅሁ፤ ‹ለእንግዳ ክፍት ነው› አሉኝ።»

«ለእንግዳ የሚከፈት፣ ላገሬው የሚዘጋ የሚባል የለም።»

«አውቃለሁ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሳፍንት» አለች። «እርስዎን እኔ ወዲያው ነው ያወቅሁዎ። ያኔ ግን ያየሁዎ ከላይ፣ ከጣራችን ሆነው ነበር» አለችው።

ወደ ሣሩ ሄዳ አጎንብሳ ዳበሰችው። «ስንት ሸክም ይሆናል?»

«ሦስት።»

«ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አሁንም ይቀመጣሉ?»

«ይቀመጣሉ።»

«እንግዲያው ከድንኳኑ ሥር አስወጣዋለሁ። ነገ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ እርስዎም ያዩትን ይናገራሉ።»

«ምን ይሁን ብለሽ ነው ልጄ?»

«አባቴ በአንድ ሸክም ነው ካገሩ የወጣው። በሦስት ምን እንደሚሉኝ መስማት እፈልጋለሁ።»

ማታ አያልነሽ ነገሩን ከሰማች በኋላ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ «ክሰሳት እንጂ! አባትየውን ነቅለህ ቀንበጡን ልትተወው ነው?» ብላ አላገጠችበት። የሚያስበውን ቢነግራት የባሰ ትስቃለች። ልጅቱ ላይ እንዲፈረድባት ፈልጎ ነበር። አፈረበት፤ ግን ፈለገው። ጥፋተኛ ተብላ ለአንድ ቀን እንኳ ብትቀጣ፣ በመሳፍንት ላይ የሆነው ሕግ ነበር ማለት ነው። ዝም ብለው ከለቀቋት ግን፣ ያ ሁሉ ዓመት ሕግ ጠብቆ የኖረ የመሰለው ተገኘ፣ ከታመመች ሕፃን ራስ ላይ ጣራ የገፈፈ ሰው ብቻ ይሆናል።

እሑድ ጽናት ሦስቱን ሸክም በሦስት ምልልስ ከሜዳው አወረደች። ተጓዦቹ ሊረዷት ቢሉ እምቢ አለቻቸው። ከጥዱ ሥር ደረደረችውና ከጎኑ ቆመች። ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አራቱ በ1992ም የተቀመጡ ናቸው።

«ሦስት ሸክም» አለ ተገኘ። «ትናንት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከጉብታው ሥር። የቆረጡት እንግዶቿ ናቸው፤ ያመጣቻቸው እሷ ናት።»

«እውነት ነው» አለች ጽናት።

ኪዳነ ወልድ ፈገግ አለ። «ተገኘ፣ ብርቱ ነህ፤ እናውቅሃለን። ግን እንግዳ እኮ ናት።»

«እንግዳ አይደለሁም። የመሳፍንት ልጅ ነኝ።»

ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሌላው «ያቺ ሕፃን?» አለ በሹክሹክታ።

«እሺ፣ ልጃችን ነሽ፤ እንዲያውም ጥሩ» አለ ኪዳነ ወልድ። «ስሚ ልጄ፣ ያ ጊዜ ሌላ ነው፣ ይሄ ጊዜ ሌላ ነው። ተጓዡ ቢቀርብን የሚጎዳው ማን ነው? ያ ሰው በቅሎውን ገዝቷል፤ ያቺ ሴት ልጇን ታስተምራለች። ለሦስት ሸክም ሣር ብለን አገር አንዘጋም። ምሬሻለሁ።»

«የአባቴስ?»

«የሱም ፍርድ ተነሥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ከባለመብቶቹ ጋር ነው። ምን ችግር አለ?» ሽማግሌዎቹን ዞሮ አየ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሁሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ጊዜ አልፈጀም።

«አባቴ ይነሣልኝ አላለም» አለች ጽናት።

«የሞተ ሰው ምን ይላል ታዲያ?»

ተገኘ ከቆመበት አልተነቃነቀም። «አባ ቄራ፣ ፍርዱን አልሰማሁም» አለ።

«ምሬያታለሁ አልኩ እኮ።»

«ምሕረት ከፍርድ በኋላ ነው። አጥፍተሻል በላት መጀመሪያ።»

ከኋላ በቅሎ ይዞ የቆመ አንዱ፣ «ተገኘ መቼም ከወንድሙ ቤት አንድ ሰው ካላስቀጣ እንቅልፍ አይወስደው!» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኪዳነ ወልድም ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ሣሩን አንዱ ለበቅሎው መኖ ይሁነኝ ብሎ ወሰደው።

ጽናት እንግዶቿ ድንኳን እስኪነቅሉ ድረስ ጊዜ ነበራት። «አባቴ ያጨደበትን ቦታ ያሳዩኝ» አለችው። ወሰዳት። ከቢጫው ድንጋይ ወደ ግራ ሰባ ርምጃ ያህል፣ ከአንዲት የተጠማዘዘች አስታ ሥር። ሣሩ እንደ ሌላው ሁሉ ደረት ይደርሳል፤ ከአካባቢው የሚለየው ነገር የለም።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በየቀኑ ነው የማልፈው።»

ቆመች። እሱ ከጎኗ ቆሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተዘጋጀበትን ጠበቀ። አባቴ ረግሞዎታል ትለዋለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ የሚሸከመው ነገር ስም ይኖረዋል።

«አባቴ ስለርስዎ ክፉ ተናግሮ አያውቅም» አለች። «እናቴ ስታማርር ይቆጣት ነበር። ‹ተገኘ ቢሸሽገኝ ኖሮ አፍርበት ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ› ይል ነበር። ትምህርት ቤት እርሳስ ከሰው ብወስድ፣ ‹የሰው ነገር ከተወሰደ፣ እኛ ቤት ስንት ሸክም ተብሎ አይጠየቅም› ብሎ ገረፈኝ። በዚህ ነው ያሳደገኝ። ሕጉ ትክክል ነው ብሎ ነው የሞተው፣ አጎቴ።»

ተገኘ የሣሩን ጫፍ በእጁ ጨበጠ።

«እኔም ትክክል ነው ብዬ ነው የኖርኩት» አለች። «ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ፤ ሌላ ምን ልበል? ትክክል ካልሆነ እንዴት ይቻላል? ዛሬ ግን ሰማሁ። ቀልድ ነበር።»

«ቀልድ አልነበረም።»

«ለርስዎና ላባቴ አልነበረም።»

«ስሙ ተመልሷል። በየካቲት ሲከፈት ነይና የድርሻሽን እጨጂ» አላት። ሲናገረው ራሱ ሰማው፤ እንደ ኪዳነ ወልድ ይመስላል።

«ለምኔ? የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮ ነው።» ጃኬቷን ቆለፈች። «ደኅና ይሁኑ። እዚህ ሰው ይዤ አልመጣም፤ ሌሎች ግን ይመጣሉ።»

እውነቷን ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች መጡ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና በረቡዕ፣ ጎረቤቶቹ ማጭድ ይዘው ወጡ። ለእንግዳ ከተፈቀደ እኛን ማን ከለከለን አሉ፤ መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም። መጀመሪያ ሲመሽ ሄዱ፤ ኋላ በጠራራ ፀሐይ። ተገኘ ይከላከላል፤ በአንድ ጫፍ ሲቆም በሌላው ጫፍ ይታጨዳል። ሁለቱ ሌሎች ጠባቂዎች ለሦስት ቀን አብረውት ቆሙና በአራተኛው ቀን የራሳቸውን ማጭድ አመጡ። «አይ ተገኘ፣ አንተ የሣር መነኩሴ» ይሉታል ሲያልፉ። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ሲደርስ የሚከፈት ሣር አልነበረም። በዓሉ ያለፈው ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ጠበል ጠዲቅ ተቀምሶ ብቻ ነው። የመጡት ተጓዦች ሜዳው ለምን እንደ ተመለጠ ጠየቁ፤ በቅሎ ነጂው «እንዲህ ነው» አላቸው። የቀይ ቀበሮው ጉድጓድ ያለበት ወገን ስለ ተጋለጠ ቀበሮዎቹ አሁን ከዚያ አይታዩም።

ተገኘ መጻፍ አያውቅም። ያጨዱትን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ቃል በቃል ይዟቸዋል። በመጋቢት መጀመሪያ ወደ ኪዳነ ወልድ ቤት ከመሄዱ በፊት አያልነሽን ከበሩ ላይ አገኛት። የማድ ቤቱን ክዳን ያሳደሰችው ሜዳው ሲታጨድ በሰነበተበት ሰሞን ነው፤ የሣር አምባ ሣር ሁለት ሸክም ፈጅቷል።

«የት ነው?» አለችው።

«ኪዳነ ወልድ ጋ።»

«ስሜን ልትጠራ ነው?»

«አዎ።»

ጥቂት አየችው። «ለመሳፍንት ያላዘንክ ለኔ ታዝናለህ ብዬ አይደለም የጠየቅሁህ» አለች። «ልወቀው ብዬ ነው።» ወደ ውስጥ ገባች።

ኪዳነ ወልድን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘው። በርጩማ ቢያቀርብለት አልቀመጥም አለ።

«ያጨዱትን ልነግርህ ነው» አለ ተገኘ።

«ማን ንገረኝ አለህ?»

«መሐላው።»

«በል እንግዲህ» አለ ኪዳነ ወልድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ እንዳቀና። «ልስማህ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

ተገኘ ጠራ። ስም፣ ቀን፣ ሸክም። ከአንድ እስከ ዐሥር ሲደርስ ኪዳነ ወልድ ፈገግ ይል ነበር፤ ሃያኛው ላይ ፈገግታው ቀረ፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ የገዛ ልጁ ስም ሲጠራ ዓይኑን ገለጠ። ተገኘ አልቆመም። አርባኛውን ጨረሰ። አንድ ቀርቶታል።

«አርባ አንደኛ፣ አያልነሽ» አለ። «ሚስቴ ናት። በየካቲት ስምንት። ሁለት ሸክም።»

ይህን ሲል ከሁለቱ ስልኮች አንዱ ጮኸ። ኪዳነ ወልድ ፊቱን አዙሮ አነሣው፤ ከአዲስ አበባ ነው፤ ለቅዳሜ ሠላሳ ሰው፣ ስድስት በቅሎ፤ አዎ፣ አዎ፣ መንገዱ ደኅና ነው አለ። ተገኘ የመጨረሻው ስም መሰማቱን አለመሰማቱን አላወቀም። ስልኩ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና ደገመለት።